አውሮፓ ከውሻዎ ጋር

«ልጄ ደህና ነው ወይ ብትለኝ ምን ልላት ነው?»

እማማ ረድኤት የጠየቁት ማንንም አልነበረም። ቦሎኛ ባለው ጠባብ ወጥ ቤታቸው ቆመው ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ቆሎ በከረጢት ሲሞሉ ከአፋቸው ያመለጠ ነገር ነው። እግራቸው አጠገብ የናሆም ውሻ ተጋድሟል፤ ዓይኑን ከበሩ ላይ አላነሳም። መልስ የሰጠው የውሻው የአንገት ማሰሪያ ነው።

«ናሆም የለም» አለ ማሰሪያው፣ በለሰለሰ፣ ምንም በማይሰማው አማርኛ። «ናሆም አልተነሳም። በሩ ይከፈት።»

«አንተ ዝም በል» አሉት እማማ ረድኤት። «ማን ጠየቀህ?»

በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ማሰሪያ የማይናገርለት ውሻ የለም። የጎረቤቶቹ ውሾች የሚናገሩት ጣሊያንኛ ነው፤ በረደኝ ይላሉ፣ አራተኛ ፎቅ ያለችውን ድመት አልወዳትም ይላሉ፣ ሰውም ሰምቶ ያልፋል። ይህኛው አማርኛ እንዲናገር ያደረገው ናሆም ነው፤ ስዊድን፣ ጎተንበርግ የምትኖረው እናቱ ሰላማዊት በስልክ ስታዋራው ደስ እንዲላት። ውሻው የተወለደው እሷ ቤት ነው፤ ስሙን ያወጣችለትም እሷ ናት። ቡችላ ሳለ ጎረቤቶቿ ጮኸብን ብለው ተሰባስበው ቢከሷት «ማናለብኝ» አለችውና በየጠዋቱ በመስኮት ትጠራው ጀመር። ጎረቤቶቿ አማርኛ አለመስማታቸው ደስታዋን አልቀነሰባትም።

ናሆም ሰኞ ዕለት ተኝቶ አልተነሳም። አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። ከእማማ ረድኤት በታች ባለው ፎቅ ሲኖር ከልጆቻቸው ለይተውት አያውቁም፤ ቁርስ በላህ ወይ፣ ካፖርት ደረብህ ወይ፣ መስኮቱን ዘጋህ ወይ ሲሉት ኖረዋል። ስለ ልቡ ግን ጠይቀውት አያውቁም። ያን ዕለት ማሰሪያው ከተዘጋው በር ጀርባ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «እርዳታ ይፈለጋል» ሲል ሰምተው የወረዱት እሳቸው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ አሳዋቂው ደወለ። አሳዋቂው ሰው አይደለም፤ በስልክ ወይም በየቤቱ ግድግዳ ላይ ባለች ትንሽ ሳጥን የሚናገር ማሽን ነው። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚናገረው እሱ ነው፣ ሁልጊዜም ረፋድ ላይ፤ ሐኪምም ፖሊስም ይህን ሥራ ከተዉት ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

«ለሟች እናት ሐሙስ ረፋድ ላይ እንነግራለን» አለ። «የወይዘሮ ሰላማዊት ልብ ደካማ ነው። የሳምንት መድኃኒታቸውን ሐሙስ ጠዋት ከወሰዱ በኋላ የልብ ምታቸው የሚረጋጋው ያኔ ነው።»

«ማን ነው የሚነግራት?»

«ሟች ራሳቸው።»

እማማ ረድኤት ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና አዩት፤ መልሰው አስጠጉት።

«የአቶ ናሆም ድምፅ ሙሉ ቅጂው እኛ ዘንድ አለ» አለ አሳዋቂው። «ሰዎች በሚወዱት ሰው ድምፅ ሲነገራቸው ቶሎ ይጽናናሉ። ‹እማ፣ እኔ ነኝ፤ እስቲ ቁጭ በይ› ብለው ይጀምራሉ። አሁን መስማት ይፈልጋሉ?»

«አልፈልግም።»

«ለሌላ ጊዜ እናስቀምጥልዎታለን።»

«ሰው ላኩባት። የሚነግራት ሰው ላኩባት፣ እባካችሁ።»

«ሰው አንልክም። ሰው ሲናገር ይንተባተባል፣ ያለቅሳል። ቤተሰብን ይጎዳል።»

ያን ቀን እማማ ረድኤት ሲቀመጡ ሲነሱ አመሹ። በስልክ ልንገራት እንዳይሉ፣ አሳዋቂው ሳይናገር የሞት ወሬ በስልክ የሚያወራ ሰው መስመሩ ይቋረጥበታል፤ ሕግ ነው። በአካል ሄዶ መናገር ግን አልተከለከለም። ያልተከለከለው ደግሞ ማንም ያደርገዋል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር እማማ ረድኤት ያውቃሉ። እሳቸውና ሰላማዊት ደሴ ላይ በአንድ ግቢ ነው ያደጉት፤ የሰላማዊት አባት የሞቱ ጊዜ ሁለቱም የዘጠኝ ዓመት ልጆች ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ሰፈሩ ተሰብስቦ መጣ። በሩን ያንኳኩት ሽማግሌ መጀመሪያ የዘረጉት እጃቸውን ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው የተናገሩት፤ የሰላማዊት እናት ስትወድቅ መሬት ሳትነካ ያዟት።

«እንግዲህ ይሄ ሳጥን እጅ አለው?» አሉ እማማ ረድኤት ለውሻው።

«በሩ ይከፈት» አለ ማሰሪያው።

ማክሰኞ ጠዋት የልጅ ልጃቸው ኤልዳና መጣች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው ቦሎኛ ነው። አማርኛዋ የአያቷ ነው፣ ክርክሯ የራሷ። ቦርሳ አንጠልጥላ ስትገባ አያቷን በጉልበታቸው ተንበርክከው አገኘቻቸው። የውሻውን ማሰሪያ ለመፍታት ይታገላሉ፣ ውሻውም አንገቱን ሰጥቷቸው ይጠብቃል።

«እማማ፣ እሱ አይፈታም እኮ። ወንጀል ነው።»

«ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ናሆም የለም፣ ናሆም የለም እያለ ይዤው ልሂድ? ሰሊ ብትደውልስ?»

«ታዲያ ውሻውን ለምን አንተወውም?»

«ሐሙስ ከሰዓት ለሌላ ሰው ሊመድቡት ነው። ከልጇ የቀረ ትንፋሽ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው፣ ኤልዱ።» ይህን ሲሉ ውሻውን በነጠላቸው ጫፍ ነው የያዙት። እሳቸው ባደጉበት ቤት ውሻ ከደጅ አያልፍም፤ በባዶ እጅ መንካቱ እስካሁን አልሆነላቸውም።

ማሰሪያው በመቀስ ጫፍ ተፈልቅቆ ወጣ። እማማ ረድኤት በወፍራም ካልሲ ጠቅልለው ቦርሳቸው ሥር ቀበሩት። ከካልሲው ውስጥ የሆነ ነገር ሲል ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም።

ባቡር ማሰሪያ የሌለው ውሻ አያሳፍርም። ስለዚህ መኪና ጠሩ። መኪናዋ በር ላይ መጥታ ቆመች፤ መሪ የላትም፣ ሹፌር የላትም።

«ጤና ይስጥልኝ። የጉዟችሁ ምክንያት?»

«ለቅሶ» አሉ እማማ ረድኤት።

«ሐዘንን ከቤት ሆነው መካፈል ይችላሉ። አሁን ልጀምርልዎ?»

«እኔ በእግሬ ሄጄ ነው የምካፈለው።»

«የእግር ጉዞ መርጠዋል። መልካም መንገድ።» በሩ ሊዘጋ ሲል ኤልዳና እግሯን አስገባች።

«ሽርሽር» አለች። «ሽርሽር ነው የምንሄደው። ወደ ጎተንበርግ። ከውሻችን ጋር።»

የመኪናዋ ውስጡ በብርሃን ተሞላ፤ ሙዚቃም ተከፈተ። «እንኳን ደስ አላችሁ። ሁለት ሰው፣ አንድ ውሻ። ‹አውሮፓ ከውሻዎ ጋር› የተባለውን ጉዞ ይዘናል። ሐሙስ ማለዳ ጎተንበርግ ያደርሳችኋል። የምናስተናግደው የሚደሰቱ ተጓዦችን ብቻ ነው፤ ደስታችሁ ከመጠን በታች ከወረደ ወደ ተነሳችሁበት እንመልሳችኋለን። ትስማማላችሁ?»

«እንስማማለን» አለች ኤልዳና።

«ምን ብለሽ ነው የተስማማሽው?» አሉ እማማ ረድኤት ገብተው ሲቀመጡ። «ደግሞ አንገትሽን ሸፍኚ፤ ንፋስ ነው። ቀበቶሽን አስረሻል? ይቺ ነገር መንገዱን ታውቀዋለች?»

«ከእኛ የበለጠ ታውቀዋለች።»

«እሱን ነው የምፈራው።»

ከከተማው ወጥተው ሜዳው ላይ ገና ሳይርቁ መኪናዋ ፍጥነቷን ቀነሰች። «የአንዲት ተጓዥ ደስታ ዝቅተኛ ነው» አለች። «መመለሻው መንገድ ቅርብ ነው።»

«እማማ፣ ሳቂ።»

«ለቅሶ እየሄድኩ?»

«ካልሳቅሽ ለቅሶውም አንደርስም።»

እማማ ረድኤት ከንፈራቸውን ወደ ጎንና ወደ ጎን ሳቡት። መኪናዋ አልተታለለችም። መመለሻው መንገድ በቀኝ በኩል ብቅ ሲል ኤልዳና ወደ አያቷ ዞረች።

«የቢንያምን ሰርግ ታስታውሻለሽ? ናሆም ሚዜ የነበረበትን?»

«አታንሺብኝ፣ እባክሽ።»

«ሙሽራውን ሊያመጣ ሄዶ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ጥሎት…»

«ቬኒስ ወሰደችው» አሉ እማማ ረድኤት ሳያስቡት። «ሚዜው ቬኒስ፣ ሙሽራው በር ላይ። ካህኑ ደግሞ መዘግየት አይወዱ። ቀለበቱስ? ቀለበቱን እኮ የውሻው አንገት ላይ አስሮት ነው የሄደ፣ ‹እኔ እጥለዋለሁ፣ ማናለብኝ አይጥለውም› ብሎ።»

«ውሻው ቀለበቱን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆመ።»

«ቆመ ብቻ? ካህኑ ‹ይሄ ከደጀ ሰላሙ ይራቅልኝ› ሲሉ ማሰሪያው ‹ሚዜው እኔ ነኝ› አላቸው።» እማማ ረድኤት አፋቸውን በነጠላ ቢይዙም ሳቁ አመለጣቸው። እንደ ጎርፍ ነው የመጣው። ደረታቸውን ይዘው ሳቁ፣ ኤልዳናም ሳቀች፣ እንባቸው ወርዶ አገጫቸው ላይ ተንጠለጠለ፤ ከዚያ ሳቁ ቆሞ እንባው ቀጠለ።

«ደስታችሁ በጣም ጥሩ ነው» አለች መኪናዋ። «እንባው ከሳቅ የመጣ ተብሎ ተይዟል።» መመለሻውንም አልፋ ሄደች።

እንዲህ እያሉ ተጓዙ። መኪናዋ ቀዝቀዝ ስትል ናሆምን ያነሳሉ። በልቅሶ ቤት ሦስተኛው ቀን ላይ ሰው የሟቹን ነገር እያነሳ እንደሚስቀው ነው፤ እነሱ ግን ቀኑ ሳይደርስ፣ መርዶው ሳይነገር ይስቃሉ። እማማ ረድኤት ይህ ኃጢአት ይሁን አይሁን ማንን እንደሚጠይቁ አጡ። ውሻው ከኋላ ተጋድሞ፣ መኪናዋ በሳህን ያቀረበችለትን ምግብ ዞር ብሎም አላየውም።

«አይበላም» አሉ። «በመንገድ ቢሞትብኝ ሁለት መርዶ ይዤ ልደርስ ነው።»

ጋርዳ ሐይቅ ላይ መኪናዋ ራሷ ቆመች። የጉዞው አንዱ መቆሚያ ነው፤ ሳይወርዱ መቀጠል አይቻልም። ውሃው ሰማያዊ ነው፣ ዳር ዳሩ ላይ ሌሎች ‹አውሮፓ ከውሻዎ ጋር› የሚሉ መኪኖች ተደርድረዋል። በየመኪናው ፊት ሰዎች ውሻቸውን አቅፈው ይስቃሉ፤ ውሾቹም አስተያየታቸውን ይሰጣሉ። አንድ ነጭ ውሻ በጀርመንኛ «እይታው ግሩም ነው» አለ።

«እባካችሁ የውሻችሁን ማሰሪያ አድርጉለት» አለች መኪናዋ። «ፎቶው የሚወጣው ከአስተያየቱ ጋር ነው።»

«ከሌለስ?» አለች ኤልዳና።

«ቦርሳው ውስጥ አለ። ይሰማኛል።»

እማማ ረድኤት ካልሲውን አወጡ። ማሰሪያውን ሲገልጡት ድምፁ ጠራ። «ናሆም የለም። ናሆም ቀዝቅዟል። በሩ ይከፈት።» ጥቂት ሰዎች ዞር ብለው አዩና ፈገግ አሉ፤ ቋንቋው አልገባቸውም። ውሻው የገዛ ድምፁን ሰምቶ ጅራቱን እግሩ መሃል አስገባ።

እማማ ረድኤት ውሻውን አዩት። ዕድሜ ልካቸውን ሲፈሩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ንፋስ ይፈራሉ፣ ፖሊስ ይፈራሉ፣ ስልክ ያለሰዓቱ ሲጮህ ይፈራሉ። ኤልዳና አሁን የሚያደርጉትን አይታ «እማማ፣ ተይ» ከማለቷ በፊት ክንዳቸው ወደ ኋላ ሄዶ ነበር። ደሴ ላይ የኮክ ዛፍ ላይ ድንጋይ የወረወረ እጅ አይረሳም። ማሰሪያው በአየር ላይ «ይከፈት» ብሎ ውሃው ውስጥ ገባ።

መኪናዋ ፎቶውን ያነሳችው በዚያች ቅጽበት ነው። እማማ ረድኤት አፋቸው ተከፍቶ፣ ጥርሳቸው ሁሉ ታይቶ፣ ክንዳቸው ወደ ሰማይ ተነስቶ፤ ውሻው ከጎናቸው፣ አንገቱ ባዶ።

«ቅጣት ይመጣብሻል» አለች ኤልዳና።

«ይምጣ። ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀጥቼ አላውቅም፤ ምን እንደሚመስል ልየው።» እጃቸውን ከረጢቱ ውስጥ ከተው ዳቦ ቆሎ ዘገኑ፣ አንዱን ወደ አፋቸው ሊያደርጉ ሲሉ ውሻው መጥቶ መዳፋቸው ላይ አፍንጫውን አሳረፈ። ነጠላ አልፈለጉም። በባዶ እጃቸው አጎረሱት።

የብሬነርን ተራራ አልፈው ጀርመን ገቡ፤ መኪናዋ ቤተ መንግሥት አሳየቻቸው፣ አበባ አሳየቻቸው፣ ውሾች የሚዋኙበት ኩሬ ላይ አቆመቻቸው። ረቡዕ ጠዋት፣ ሜዳው ጭጋግ ለብሶ፣ ኤልዳና ስታስብበት የቆየችውን አወጣች።

«ልጠይቅሽ እማማ። አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ አውቃለሁ፣ ቦሎኛ ያለ አበሻ በሙሉ ያውቃል። ልጇ የሞተባት ሴት ብቻ አታውቅም። እስከ ሐሙስ ደብቀሽ ይዘሽ መሄድሽ ከዚያ ሳጥን በምን ይሻላል? እሱም እስከ ሐሙስ ደብቆ ነው የያዘው።»

እማማ ረድኤትን ያስቸገራቸው ልጅቷ ልክ መሆኗ ነው።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «እሱም ደብቋል፣ እኔም ደብቄያለሁ። ግን እሱ ሲደብቅ አይከብደውም። እኔ ከሰኞ ጀምሮ እህል በጉሮሮዬ አልወረደም። መርዶ ወሬ አይደለም፣ ኤልዱ። ሸክም ነው። አንዱ ተሸክሞት ይሄድና ሌላው ላይ ሲያወርደው አብሮ ጎንበስ ይላል። እሱ ሳጥን ግን ወርውሮባት ነው የሚሄደው፤ ያውም በልጇ አፍ።»

ኤልዳና ወደ መስኮቱ ዞረች። «እኔ ብሆን ወዲያው ማወቅ ነበር የምፈልገው።»

«አንቺማ ወዲያው ነው ሁሉን የምትፈልጊ። ሻርፕሽን ልበሺ።»

ሀምቡርግ ሲቃረቡ ስልኩ ጮኸ። ሰላማዊት ናት። እማማ ረድኤት ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ኤልዳናን አዩዋት፣ ኤልዳናም ራሷን ነቀነቀች።

«ሬዱ» አለች ሰላማዊት። ድምፅዋ ያው ነው፣ ትንሽ ሰበር ያለ፣ ሁልጊዜ ሳቅ ከኋላው ያለ የሚመስል። «ሽርሽር ወጣሽ አሉ።»

«ማን አለሽ?»

«ፎቶ ይደርሰኛል እኮ። መኪናዋ ለወዳጆችሽ ሁሉ ነው የምትልከው። ሐይቅ ዳር። አምሮብሻል።»

ኤልዳና ግንባሯን በመዳፏ መታች፤ ስትስማማ ይህን አልሰማችም ነበር።

«እንዲያው… ንፋስ ልቀበል ብዬ» አሉ። «ኤልዱ ነች ያስቸገረችኝ። ዕድሜሽን ቤት ተዘግተሽ ጨረስሽው ብላ።»

«ማናለብኝም አብሯችሁ ነው።»

«ናሆም ሥራ… እኔ ጋ ትቶት ነው።»

ውሻው ድምፅዋን አውቆ ጆሮውን አቆመ፤ አልጮኸም፣ አላላዘነም፣ ስልኩን ብቻ ያየዋል። እማማ ረድኤት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያ ጥያቄ አሁን ነው የሚመጣው፤ ልጄ ደህና ነው ወይ።

«ውሻው ዝም ብሏል» አለች ሰላማዊት። «ሌላ ጊዜ ድምፄን ሲሰማ ማውራቱን አያቆምም ነበር።»

«ማሰሪያው ተበላሽቶበት ነው።»

«እንግዲያው በዚህ በኩል ካለፋችሁ ጎራ በሉ። መቼ ትደርሳላችሁ?»

«ነገ ማለዳ።»

«ቀደም ብላችሁ ኑ፣ ሬዱ። ረፋድ ላይ አታድርጉት።» ስልኩን ዘጋችው።

እማማ ረድኤት ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «ተመስገን» አሉ። «አልጠየቀችኝም።»

«አዎ» አለች ኤልዳና ቀስ ብላ። «እናት ናት፣ ስለ ልጇ አልጠየቀችሽም።»

ከዚያ በኋላ ዴንማርክን አቋርጠው የባሕሩን ድልድይ ተሻገሩ። መኪናዋ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀች። ሁለቴም እማማ ረድኤት ጥርሳቸውን አሳዩዋት፤ በዚህ ጊዜ ደስታ ይሁን ቁጣ መለየት አልቻለችም መሰል፣ አልመለሰቻቸውም።

ሐሙስ ማለዳ ጎተንበርግ እያካፋ ነበር። መኪናዋ «ጉዟችሁ እንዴት ነበር?» ስትል በሩን ዘግተውባት ሄዱ። የሰላማዊት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ላይ ሦስት ሴቶች ቆመዋል፣ የሰፈሩ የማኅበር ሴቶች፣ ነጠላቸውን በካፖርት ውስጥ ደብቀው። እማማ ረድኤት ከመንገድ ደውለው «ሐሙስ ጠዋት ሰሊ ቤት ብቅ በሉ» ብቻ ነበር ያሏቸው። አሳዋቂው መስመሩን አልቆረጠውም፤ ለእሱ ግብዣ ነው። ለሴቶቹ ግን ሌላ ቃል አላስፈለጋቸውም።

«እኛ አላንኳኳንም» አለች ከሦስቱ ታላቋ በሹክሹክታ። «አንቺን እንጠብቅ ብለን።»

እማማ ረድኤት መንገዱን ሙሉ ያሰናዱትን ቃል ፈለጉት፤ የለም። እጃቸውን ሊያንኳኩ ሲያነሱ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

ሰላማዊት ለብሳ ጨርሳ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ አንገቷ ሥር ተጠምጥሟል። መጀመሪያ ያየችው ውሻውን ነው። ጎንበስ ብላ ማሰሪያው ጸጉሩን የበላበትን ቦታ በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ቀና አለች።

«ስንት ዓመት ነው የማውቅሽ፣ ሬዱ?» አለች። «በሰርግሽ ዕለት እንኳ በፎቶ ስቀሽ አታውቂም። ጥርስሽን ሳይ ገባኝ። ልጄ ቢኖር ይህች ሴት እንዲህ አትስቅም አልኩ። አንቺ እስክትደርሺ ብዬ ነው…»

አልጨረሰችውም። ወደቀች። የእማማ ረድኤት እጅ ግን ከመጀመሪያውም ተዘርግቶ ነበር፤ መሬት ሳትነካ ያዟት፣ አብረው ጎንበስ አሉ። ደረጃው በልቅሶ ተሞላ። የጎረቤት በሮች ተከፍተው ተዘጉ። የልብ ምቷን የሚለካው የሰላማዊት የእጅ አምባር ቀላ፣ ቢጫ ሆነ፣ ሴቶቹ ደረቷን ደግፈው ውሃ ሲያስጎነጯት ቀስ ብሎ ወደ ነጭ ተመለሰ። ኤልዳና በሩ ላይ ቆማ ታያለች። አልተከራከረችም፤ ሻርፕዋን ከአንገቷ አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረችና ገብታ ወንበር ትደረድር ጀመር።

ረፋዱ ላይ ለቅሶው ረገብ ብሎ ሁሉም በየወንበሩ ተቀምጦ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን በራች። አሳዋቂው ሰላማዊት ማወቋን አያውቅም፤ በሰው እጅ የደረሰ ነገር የሚሰማበት ጆሮ የለውም። እማማ ረድኤት ጋቢ ይዘው ተነሱ፣ ሳጥኑን ሊሸፍኑት።

«አይጠፋም እሱ» አለች ኤልዳና።

«ባይጠፋም።»

«ተዪው፣ ሬዱ» አለች ሰላማዊት። «ይምጣ።»

ሳጥኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ናሆም ሲናገር እንዲያ ያደርግ ነበር።

«እማ፣ እኔ ነኝ» አለ የናሆም ድምፅ። «እስቲ ቁጭ በይ።»

ውሻው ከሰላማዊት እግር ሥር ዘሎ ተነሳ። ጅራቱ ሁለት ጊዜ ተወዛወዘ። እየሮጠ ሄዶ ግድግዳው ሥር ቆመ፣ በኋላ እግሮቹ ተነስቶ ሳጥኑን አሸተተው፤ ከላይ አሸተተው፣ ከጎን አሸተተው። ከዚያ ወረደ። ጀርባውን ለሳጥኑ ሰጥቶ ወደ በሩ ሄደና እዚያ ቆሞ ሰላማዊትን ጠበቃት።

ሰላማዊት እጇን ወደ ድምፁ ዘርግታ ነበር። እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። እማማ ረድኤት ያን እጅ ብቻ ያያሉ። እጁ ተመለሰ፣ የነጠላውን ጫፍ ያዘ።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አለ ድምፁ። «ግን መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ እማ።»

ተቀምጣ የነበረችው ሰላማዊት ተነሳች። የወንበሩን ጀርባ ይዛ ቀጥ አለች። ማንም አልደገፋትም፣ ማንም አላስቀራትም። በሴቶቹ መሃል አልፋ፣ በእማማ ረድኤት ትከሻ ላይ እግረ መንገዷን እጇን አሳርፋ በሩ ጋ ደረሰች።

«ቁጭ አልሽ፣ እማ?»

በሩን ከፈተችው። ውሻው ቀድሞ ወጣ፤ እሷም ተከተለችው።